የትም ሳይሄዱ የተዛወሩት

ሰኞ፣ ስምንት ሳምንት ሲቀረው

ዛሬ ተሾምኩ። የጥራት ማሻሻያ አስተባባሪ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፣ ወንበርም የለውም፤ አንድ ክላሰርና አንድ የደረቀ ማርከር ግን አለው። ከስምንት ሳምንት በኋላ ገምጋሚ ቡድን ይመጣል። የሚገመግመው የእኛን ክፍል ነው፤ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች መድኃኒት የሚወስዱበትንና የሚከታተሉበትን፣ እኔም በነርስነት አሥራ አንድ ዓመት የቆየሁበትን።

ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ "ሲስተር፣ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው" አለኝ። ታካሚ እንዳይጉላላ ሊለኝ ነው ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። "ዘጠና አምስት ፐርሰንት" አለ። ሰውዬውን ከኋላው "ፐርሰንት" የምንለው በከንቱ አይደለም። ሚስቱ እንዴት ናት ቢሉት ሰማንያ ምናምን ብሎ የሚመልስ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት መቶ ታካሚ አለን። ቀጠሮውን ጠብቆ መድኃኒቱን የሚወስደው ሁለት መቶ አርባ ስድስቱ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ሁለት ማለት ነው። የቀሩት ሃምሳ አራቱ ጠፍተዋል። ዘጠና አምስት ካልሞላ ክፍሉ የምስክር ወረቀት አያገኝም፣ ፐርሰንትም የቋመጠለትን እድገት አያገኝም። እኔ ግን የተቀበልኩት ለታካሚዎቹ ብዬ ነው። ኋላ እንዳልረሳው እዚህ ጻፍኩት።

ረቡዕ

የጥራት ኮሚቴ የመጀመሪያ ስብሰባ። ሰባት ሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። የችግሩን ሥር ለማግኘት የዓሣ አጥንት ይሳል ተባለ። ሥልጠና ወስዶ የመጣው ፋርማሲስት ሳለ። ጭንቅላቱ ላይ "ታካሚ ይጠፋል" ተብሎ ተጻፈ። በየአጥንቱ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ተደረደረ፦ የታካሚ ግንዛቤ ማነስ፣ የታካሚ ቸልተኝነት፣ የታካሚ ስልክ መቀያየር።

"አጥንቱ ሁሉ የታካሚ ሆነ እኮ። የእኛ አንድ እንኳን የለም?" አልኩ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሥዕሉ ተለጠፈ።

ዓርብ

የአስተያየት መስጫው ሣጥን ይከፈት ተባለ። ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጥገና ክፍል መጥቶ ሰበረው። ውስጡ የከረሜላ ልጣጭ፣ የሞተ በረሮና ሦስት ወረቀት ተገኘ። አንዱ ወረቀት እኔን የሚያመሰግን ነው። ሁለተኛው ሽንት ቤት ውሃ የለውም ይላል። ሦስተኛው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፦

"የምንጠብቅበት ክፍል ግድግዳው መስታወት ነው። ራጅ የሚሄድም፣ ልትወልድ የመጣችም፣ ጠያቂውም ያየናል። ጎረቤቴ አይታኝ በእጇ ሰላም አለችኝ። እባካችሁ መጋረጃ አድርጉልን። ጨርቁን ብትገዙ እኔ በነጻ እሰፋዋለሁ።"

ማን እንደጻፈችው ወዲያው አወቅኩ። በእኛ ሠፈር የእማዬን ቀሚስ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ ናት። ሰባት ዓመት ታካሚዬ ናት። ሱቋ ስሄድ ገና ያየኋት እመስላለሁ፤ እኔ ዘንድ ስትመጣም የእማዬን ቀሚስ አታነሳም። ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር ነው።

መስታወቱ የማን ሐሳብ እንደነበረ ልጻፈው? የእኔ ነበር። ድሮ ደረጃ ላይ ነበር የሚጠብቁት፤ ስንት ደብዳቤ ጽፌ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ ያስገኘሁት ክፍል ነው። ብርሃን ይገባ ብዬ ነው መስታወት ያልኩት። ብርሃኑ ገባ።

ፐርሰንትን ስለ መጋረጃው ጠየቅኩት። "ገምጋሚዎቹ በኮሪደሩ ሲያልፉ ታካሚዎቹ በሥርዓት ተቀምጠው ማየት አለባቸው። ደግሞ መጋረጃ ምን ደብቃችሁ ነው ያስብላል" አለ። ወረቀቱ ላይ "ታይቷል" ብዬ ፈርሜ ክላሰሩ ውስጥ ከተትኩት። እውነትም ታይቷል።

ማክሰኞ፣ ሰባት ሳምንት ሲቀረው

የካርድ ክፍሏ እትዬ የጠፉትን ሃምሳ አራት ካርዶች በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት ሴት ናት። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሁላችንም ወደ እሷ ነው የምንሮጠው፤ የታካሚውን ፊት አይታ የካርዱን ቁጥር ትናገራለች።

"እንደውልላቸው፤ ግማሾቹ ሰው ስለታዘባቸው ነው የቀሩት እንጂ ሞተው አይደለም" አለችኝ።

የክፍላችን ስልክ መቀበል እንጂ መደወል አይችልም። ጥያቄ አቀረብኩ። መልሱ ከግምገማው በኋላ ይታያል ነው።

ሐሙስ

ፐርሰንት ቡና ጋበዘኝ። ይህ ሰው ማንንም ጋብዞ አያውቅም፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

"ሲስተር፣ እነዚህ የጠፉ የምትያቸው ሰዎች፣ እውነት ጠፍተው ነው? ሌላ ሆስፒታል ሄደው ቢሆንስ? ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ቤት ይቀይራል።"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

"ሌላ ቦታ የተዛወረ ሰው ከእኛ ቁጥር እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። እኔ ምንም አላልኩም። አንቺ ናሽ አስተባባሪዋ።"

ቤት ገብቼ አሰላሁት። ከሃምሳ አራቱ አርባ አንዱ ከወጡ፣ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ከሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። ልክ ዘጠና አምስት። ሰውዬው ቀድሞ አስልቶታል ማለት ነው።

ዓርብ

አርባ አንድ ካርድ ተዛወረ። ራስ ምታት። እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። እትዬ ካርዶቹን ስትቀበለኝ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው።

"የት ሄዱ?"

"ተዛውረዋል።"

"ሁሉም በአንድ ቀን? አውቶቡስ ተከራይተው?"

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ካርዶቹን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። የልብስ ሰፊዋ ካርድ ከላይ ነበር። መጨረሻ ከመጣች አራት ወር ሆኗታል። ምናልባት እውነትም ሌላ ቦታ ጀምራ ይሆናል፤ መስታወት የሌለው ቦታ። እንዲያውም ሳስበው እርግጠኛ ነኝ።

ረቡዕ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀረው

አዲስ አሠራር አወጣሁ። ፐርሰንት ተዛውረዋል የተባሉት በየተራ ብቅ እያሉ ቁጥሩን እንዳያበላሹበት ሰግቷል። ስለዚህ ከሌላ ተቋም የሚመጣ ማንኛውም ታካሚ የዝውውር ደብዳቤ ሳይዝ አይስተናገድም። ማስታወቂያውን ራሴ ጻፍኩት፣ ላስቲክ አስለበስኩት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ አስለጠፍኩት። ያለ ደብዳቤ መጥተው ከመስኮቱ የሚመለሱትም ሰዎች የካርድ ቁጥር የሚመዘገብበት ቅጽ አዘጋጀሁ፤ አሠራሩ መከበሩን ለመከታተል። ፐርሰንት ቅጹን አይቶ "ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

እሑድ

እማዬ ስትነጫነጭ ዋለች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን አልጨረሰችላትም።

"ስታስል ነው የምትውለው። ግማሽ ቀን ትከፍታለች፣ ግማሽ ቀን ትዘጋለች። ሰውነቷም አልቋል፤ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ማሽኑ ሥር ስንፈልግ ነበር።"

"ጉንፋን ይሆናል።"

"አንቺ እኮ ነርስ ነሽ፤ ሄደሽ ብታያት ምናለበት?"

ሥራ በዝቶብኛል አልኳት። በዝቶብኛልም።

ማክሰኞ፣ አምስት ሳምንት ሲቀረው

የመስኮት ቁጥር ሦስት ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ታዟል፣ ይፈጽማል። ዛሬ ምሳ ላይ እየሳቀ አወራኝ።

"ሲስተር፣ ጠዋት አንዷ አደረቀችኝ እኮ። ደብዳቤ አምጪ አልኳት። ከየት ላምጣ፣ የትም አልሄድኩም ትለኛለች። ኮምፒውተሩ ሄደሻል ይላል አልኳት። እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ ኮምፒውተሩ አለችኝ። እሱን ኮምፒውተሩን ጠይቂው አልኳት።"

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ምን ትመስላለች ብዬ አልጠየቅኩም።

ዓርብ

የሳምንቱ ቅጽ ደረሰኝ። ያለ ደብዳቤ መጥተው የተመለሱ፦ ሦስት። አሠራሩ የተከበረበት መጠን፦ መቶ ከመቶ። የካርድ ቁጥሮቹን አላየኋቸውም።

አየኋቸው። አንዱን አወቅኩት። ሰኞ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

ሰኞ፣ አራት ሳምንት ሲቀረው

ቀለም ቀቢዎች መጡ። ክፍሌ ተገለበጠ። ካርድ ክፍል አልሄድኩም።

ሐሙስ

አሁንም አልሄድኩም። አንድ ካርድ ማስተካከል እንዲህ ቀላል አይደለም። አርባ አንዱን ያስወጣሁት በአንድ የደብዳቤ ቁጥር ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ የለም። አንዷን ብመልሳት "እሷ ያልሄደች እንደሆነ ሌሎቹስ?" የሚል ይመጣል። ከግምገማው በኋላ ሁሉንም በአንዴ እመልሳቸዋለሁ። አራት ሳምንት ምንም ማለት አይደለም።

ዛሬ ቅጹ ላይ ያ የካርድ ቁጥር እንደገና አለ። ሁለተኛ መጥታ ነበር።

ረቡዕ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ልምምድ። ገምጋሚዎች ታካሚ ሊያነጋግሩ ስለሚችሉ አሥር "ምርጥ ታካሚዎች" ተመርጠው ሠለጠኑ። "አገልግሎቱ እንዴት ነው?" ሲባሉ "በጣም ረክቻለሁ" ይላሉ። አንዱ አናጢ ነው፣ የሰው ፊት የማይፈራ።

"ካልረካሁስ?" አለ።

"ለልምምድ ነው" አለው ፐርሰንት።

"እሺ፣ ለልምምድ ረክቻለሁ።"

ይህን ሰው ከዝርዝሩ አውጪው ተባልኩ። አወጣሁት። ሰው ማውጣት ለምዶብኛል።

ሰኞ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ልብስ ሰፊዋ ተኝታለች። ሱቋ ውስጥ ማሽኑ ላይ ተደፍታ አገኟት። ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶቿ በታክሲ አምጥተዋት ሴቶች ክፍል፣ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ነች። ለድንገተኛ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ለእሱም ማስታወቂያ ማውጣት ረስቼ ነው።

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ኦክስጅን ተደርጎላታል። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ወስዶኝ በዝግታ ነገረኝ። መድኃኒቱን ካቋረጠች ብዙ ወር ሆኗታል፤ የመከላከል አቅሟ አልቆ ሳንባዋ በኢንፌክሽን ተሞልቷል።

"የምንችለውን እናደርጋለን። ግን እነዚህ ሰዎች ለምን እስኪወድቁ ይጠብቃሉ? አንድ ወር ቀደም ብላ ብትመጣ በእግሯ ነበር የምትሄደው።"

አንገቴን ነቀነቅኩ። እንደሱ ነው እንደማለት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስታየኝ ጭምብሉን በጣቷ ገለጥ አደረገችው።

"ሲስተር፣ የት ነው የሄድኩት?"

አልገባኝም ልል ፈለግኩ።

"ተዛውረሻል አሉኝ። እኔ የትም አልሄድኩም። ያን ክፍል ፈርቼ ቀረሁ እንጂ። ታመምኩና ይየኝ የፈለገ ብዬ መጣሁ። የት ነው የሄድሽው ቢሉኝ ጠፋኝ። አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም ብዬ ነው።"

ቁጣ የለባትም እኮ! ቁጣ ቢኖርባት በቀለለኝ። የመንገድ አቅጣጫ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። "ስህተት ነው፣ አስተካክለዋለሁ" አልኳት። እጄን ያዘችኝ፣ አመሰገነችኝ። ያመሰገነችኝ ምኔን እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ

ፐርሰንት ዘንድ ገባሁ። የልብስ ሰፊዋን ካርድ ልመልስ ነው አልኩት።

"አሥራ ሦስት ቀን ብቻ ጠብቂ። መድኃኒቱን ዋርድ ይሰጣታል አይደል? ካርዱ ምን ያደርግላታል?"

ልክ ነው፣ ካርዱ አሁን ምንም አያደርግላትም። ይህን ሲለኝ እፎይ ማለቴን መጻፍ አለብኝ። እፎይ ብዬ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ

በየቀኑ ሁለት ጊዜ አያታለሁ። የዋርዱ ነርሶች ዘመዷ ነኝ ብለው ያስባሉ። ፀጉሯን አበጠርኩላት። ዛሬ ትንሽ ተናገረች፤ የእማዬ ቀሚስ ወገቡ ብቻ እንደቀረው፣ መርፌው እንደተሰካበት እንዳለ ነገረችኝ። ሱቁ ውስጥ ካልሆነ አንስታው የማታውቀውን የእማዬን ቀሚስ፣ ዛሬ አነሳችው።

ሐሙስ፣ አራት ቀን ሲቀረው

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አረፈች። እኔ አልነበርኩም። ስደርስ አልጋው ተነጥፏል።

ፐርሰንት ኮሪደር ላይ አገኘኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፊቱ በእርግጥም አዝኗል። ቀጥሎ እንዲህ አለኝ፦ "አየሽ፣ ያኔ ብትመልሻት ኖሮ ሞቷ በእኛ ይቆጠር ነበር። ተዛውራለች እኮ።"

በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። ዛሬም አልመታሁም። ከመምታት ያገደኝ ጨዋነት አልነበረም፤ ሰውዬው የእኔን ሥራ በአፉ ማንበቡ ነው እንጂ።

ካርድ ክፍል ሄድኩ። እትዬን "ታችኛውን መሳቢያ ክፈቺልኝ" አልኳት። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። አርባ አንዱንም መለስን። ተዛውሯል የሚለውን እየሰረዝኩ፣ በየስርዙ ጎን እየፈረምኩ። እትዬ ከራሷ ስልክ መደወል ጀመረች። እስከ መውጫ ሰዓት አሥራ ሁለት ሰው አገኘን። አንዱ "አሁን ነው የናፈቅኳችሁ?" ብሎ ዘጋብን፤ ከደቂቃ በኋላ ራሱ መልሶ ደውሎ "ነገ በስንት ሰዓት?" አለ። የመስኮት ቁጥር ሦስትን ማስታወቂያ ቀደድኩት። ላስቲኩ አስቸገረኝ፤ ጥሩ አድርጌ ነበር ያሠራሁት።

ሰኞ፣ ግምገማው

በአጭሩ። አራት ሰው መጡ። መሪያቸው ለስላሳ ድምፅ ያላት፣ ታብሌት የያዘች ሴት ናት። በኮሪደሩ አለፉ፣ በመስታወቱ አዩ፣ "ብሩህ ክፍል ነው" አሉ። ቁጥሩ ሲከፈት ሰማንያ ሁለት። የፐርሰንት ፊት ከግድግዳው አዲስ ቀለም ጋር አንድ ሆነ።

"በዚህ ሩብ ዓመት ከታካሚዎቻችሁ የሞተ አለ?" ስትል ጠየቀች።

"የለም" አለ ፐርሰንት።

"አንድ አለ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አርባ አንዱን፣ የሌለውን ደብዳቤ፣ ማስታወቂያውን። ይባርሩኛል፣ ይከሱኛል ብዬ ነበር። ሴትየዋ በጥሞና ሰማችኝና ታብሌቷ ላይ ጻፈች።

"በጣም እናመሰግናለን። ይህ 'ክፍተቶች' የሚለው ሥር ይገባል" አለች። ቀጥላ የተመለሱ ሰዎች የሚመዘገቡበትን ቅጽ አገላብጣ አየችው። "ይሄን ማን ነው ያዘጋጀው? ግሩም ነው። ለሌሎች ሆስፒታሎች እንደ መልካም ተሞክሮ ልንወስደው እንችላለን?"

ወሰዱት።

እሑድ

ከሥራ አላባረሩኝም። የተግሣጽ ደብዳቤ ይደርስሻል ተብያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልደረሰም፣ ይህ መሥሪያ ቤት ቅጣትም በወቅቱ አይሰጥም። ከቀሩት አርባ ሰዎች ሃያ ስድስቱ መጥተው መድኃኒታቸውን ጀምረዋል። ይህን የጻፍኩት ራሴን ለማጽናናት ነው፤ አላጽናናኝም።

እማዬ ከልቅሶ ተመልሳ ወጥ ቤት ቁጭ አለች። ነጠላዋን እንኳን አላወለቀችም።

"እህቷ አንጀቴን በላችኝ" አለች። "እኔ ደግሞ የገረመኝ፣ ሰው ምን ሆኗል? እስኪወድቅ ድረስ ሐኪም ቤት አይሄድም! ሆስፒታሉ አፍንጫዋ ሥር፣ አንቺም እዚያው እያለሽላት። ብትሄድ ምን ነበረበት?"

"ሄዳ ነበር፣ እማዬ።"

"መቼ?"

"ከመውደቋ በፊት። ሁለት ጊዜ። ሁለቴም መለሷት።"

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። "የታመመ ሰው? ምን ዓይነት አረመኔ ነው የመለሳት?"

አፌን ከፈትኩ። የመስኮቱን ሠራተኛ ልነግራት ነበር። ኮምፒውተሩን፣ ገምጋሚዎቹን፣ ፐርሰንትን፤ ሁሉም በየተራቸው አፌ ላይ መጡ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።